በእትዬ በለጥሻቸውና በሀያቱ መካከል ያለው ግድግዳ

ለመርካቶ ሰባተኛና ለአካባቢዋ ሰፊ ሕዝብ፣ ለቸርቻሪውም ለአከፋፋዩም፣ ለተሸካሚውም ለደላላውም፣ በየበረንዳው ለተኮለኮለው ሁሉ ይድረስ! የአሮጌ ጆንያ ጠጋኟ፣ የመርፌና የሲባጎ እመቤት፣ ቁመታቸው ከሞላ ጆንያ እምብዛም የማይበልጠው እትዬ በለጥሻቸው፣ ከመሬት ተነስቶ ግድግዳቸውን በግፍ በወረረው እርጥበት ላይ የማያወላውል ጦርነት ማወጃቸውን ዓለም ቆሞ እንዲያዳምጥ ታዟል!

ዓለም አላዳመጠም። ዓለም በዚያ ሰዓት ጋሪ እየገፋ «መንገድ! መንገድ!» ይል ነበር።

እትዬ በለጥሻቸውን የማያውቅ መርካቶ ውስጥ ጆንያ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። የስኳሩን፣ የዱቄቱን፣ የበርበሬውን ባዶ ጆንያ ከየመጋዘኑ ይሰበስባሉ፤ ያራግፋሉ፣ ያጥባሉ፣ የተቀደደውን ይሰፋሉ፣ መልሰው ይሸጣሉ። አንዲት ልጃቸውን ጸሎትን አስተምረው የዳሩት በዚሁ ሥራ ነው። ሲሰፉ ከንፈራቸውን ወደ አንድ ጎን ያጣምማሉ፤ መርፌዋ አልሄድ ስትላቸው እንደ ሰው ይሰድቧታል። «አንቺ ልግመኛ!» ይሏታል። ወዲያው ደግሞ ያዝኑላትና በቀሚሳቸው ጫፍ ይወለውሏታል። መላ ጠባያቸው ይኸው ነው፤ የሰደቡትን ሳይወለውሉ አያድሩም።

ቤታቸው ጭቃ ቤት ነው፤ ሟቹ ባለቤታቸው ከአባታቸው የወረሱት። ሲሠራ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነበር ይባላል። ከዚያ መንገዱ ላይ አፈር ተደለደለ፣ አፈሩ ላይ ጠጠር መጣ፣ ጠጠሩ ላይ ኮብልስቶን መጣ። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ሰፈሩ አዋጥቶ በሬ ጣለ፣ ጨፈረ። እትዬ በለጥሻቸውም ጨፍረዋል። በማግስቱ ጠዋት ከቤት ሲወጡ እግራቸው ደረጃ እየፈለገ እንደሆነ ታወቃቸው። ዕድገት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ መንገዱ ያድጋል፣ ቤቱ ባለበት ይቀራል፣ ውሃው የት ይሂድ ብሎ የጠየቀ አንድም ጭንቅላት በስብሰባው ላይ አልተገኘም። ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ እንዳይገባበት የበሩን ደፍ በሲሚንቶ ከፍ አደረገ፤ ውሃውም ከበር ወደ በር እየተባረረ ሲንከራተት ቆይቶ ዝቅ ያለ ደፍ ያላቸውን አጭር ሴትዮ አገኘ።

የእርጥበቱ ታሪክ የዘመቻዎች ታሪክ ነው። በመጀመሪያ የቀለም ዘመቻ ታወጀ። ግድግዳው አረንጓዴ የዘይት ቀለም ጠጣ፤ ክረምቱ ሳይጋመስ ቀለሙ እንደ ወተት ቆዳ ተገፈፈ። ቀጥሎ የላስቲክ ዘመቻ መጣ። ላስቲኩ ጀርባው አላበው፤ ሻጋታውም ሙቀት አግኝቶ ዘር ማንዘሩን ጠርቶ ሰፈረበት። ከአልጋ ሥር ጨው በሳህን ተቀመጠ፤ ከሰል በቅርጫት ተቀመጠ። ጨውም ሟሟ፣ ከሰሉም ረጠበ። ከዚያ ካሳ መጣ።

ካሳ ግንበኛ ነው። ካሳ ሲሚንቶን የሚያምነውን ያህል ምንም ነገር አያምንም፤ ራሴን አመመኝ ቢሉት እንኳ አሸዋውን በስንት እንደሚያቦካው የሚያስብ ሰው ነው። ያንን ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በሲሚንቶ ለስኖ ሲያበቃ የግንበኛ ማንኪያውን እያጠበ፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ውሃ አይደለም ጥይት አይገባም» አለ። ጥይት እስካሁን አልሞከረም። ውሃው ግን ሞከረ፣ ገባም። ልስኑ ላይ እንደ አገር ካርታ ያለ ጥቁር ነገር ተሳለ፤ በየክረምቱም ድንበሩን እያሰፋ ወደ ላይ ወጣ።

በዚህ ጊዜ እትዬ በለጥሻቸው የመጨረሻ መሣሪያቸውን መዘዙ፦ ካላንደር ሰቀሉበት። የማርያም ሥዕል ያለበት፣ የማኅበራቸው ካላንደር። ካላንደሩ ከተነሳ ጉዱ ስለሚወጣ አይነሳም፣ አይቀየርም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከዓመታት በፊት የገባው ጥቅምት እስከ ዘንድሮ አልወጣም ነበር።

ባለፈው ክረምት ከካላንደሩ በላይ ያለው ልስን እንደ ጠረጴዛ ተገንጥሎ አልጋቸው ላይ ወደቀ። ደግነቱ እሳቸው ውጭ ጆንያ እየቆጠሩ ነበር። ጸሎት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ሰምታ መጣችና አልጋውን አየች። ጮኸች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻም እንደ ጄኔራል ቆመች።

«በቃ እማዬ! እስከሚቀጥለው ሐምሌ ይህ ግድግዳ ካልደረቀ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«የት?»

«ቤቴ ነዋ!»

«አራተኛ ፎቅ ጆንያ ማን ያወጣልኛል?»

«ጆንያ ምን ያደርግልሻል? ቁጭ በይ፤ ዕረፊ!»

እትዬ በለጥሻቸው «ዕረፊ» ሲባል የሰሙት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ገረጡ። ግን ልጅቷ እውነቷን እንደሆነ አልጋው ላይ የተጋደመው ልስን ይመሰክራል። «እሺ፣ እስከ ሐምሌ» አሉ። ስለዚህ የጦርነቱ ዓላማ የግድግዳ ጉዳይ አይደለም፤ ሴትዮዋ ከሰባተኛ መነቀል አለመነቀላቸው ነው።

አሁን ወደ ማዶው እንሻገር። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ሀያቱ አለ። ስልጤ ነው፤ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን የሚያከፋፍል። መጋዘኑና የእትዬ በለጥሻቸው መኝታ ቤት ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ የሚለያቸው ያው አንዱ ግድግዳ ነው፣ እሱም ቢሆን ድምፅ አይከለክልም። ሀያቱ ሲያስነጥስ እትዬ ከወዲህ «ይማርህ!» ይሉታል፤ ከወዲያ «ያኑርልኝ እትዬ!» ይላል። ዜና ሲደርስ ግድግዳውን ኳ ኳ ያደርግና «ራዲዮኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» ይላቸዋል። እሳቸው በረመዳን ጾም ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማቸውን ሳል እየቆጠሩ፣ «ይኼ ልጅ ብርድ መቶታል» ብለው ዝንጅብል ይልኩለታል።

ታዲያ እንዲህ ሳላቸውን የሚጋሩ ሰዎች፣ በመካከላቸው ስላለው እርጥበት አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ይሉኝታ! ይህች አገር ስንት ነገር በይሉኝታ እንደበሰበሰባት ቢጻፍ ወረቀት አይበቃም። እትዬ በለጥሻቸው ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ በልባቸው ቆርጠዋል፦ ጓሮ የሚያጥቡት የጆንያ እጣቢ ሰርጎ የሰውዬውን መጋዘን እያበሰበሰው ነው። ይህን እንዴት ብለው ያውጡት? ሳይናገሩ ማጠቢያቸውን ወደ ሰፈሩ የጋራ ቧንቧ፣ ወደ ቦኖው ወሰዱ። ውሃ የጠጣ ጆንያ በጀርባቸው እያዘሉ ሲመላለሱ ወገባቸው ተቆረጠ። «ምነው እትዬ፣ ጓሮ እያለልዎት?» ሲባሉ፣ «ቦኖው ጋ ጨዋታ አለ» ይላሉ።

ዘንድሮ ዐረፋ ዝናቡ ሳይጠነክር ደረሰ። የስልጤ ነጋዴ ለዐረፋ አገር ቤት ሲገባ እዚህ ሰፈር የጆሮ ዕረፍት ይሆናል፤ የተዘጋው ሱቅ ከተከፈተው ይበዛል። ሀያቱም ቤተሰቡን ጭኖ ከመሄዱ በፊት፣ እንደ ልማዱ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ይዞ መጣ።

«እትዬ በለጡ፣ እንግዲህ ልንሄድ ነው። አደራ።»

«አምጣ። ቅቤውን ግን እንዳምናው ለአማቴ እህት ሰጠሁት ብለህ እንዳትመጣ።»

«ቀምታኝ እኮ ነው!»

«አንተን ማን ይቀማሃል፣ የመርካቶን ነጋዴ!»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ወደ ካላንደሩ ሄደ፤ ቶሎ መለሰው። «ክፍሉ… ደህና ነው? ማለቴ ቅዝቃዜው?»

«ምን ሆኖ! እንደ ምድጃ ነው። ያንተስ መጋዘን?»

«የኔማ… አልሐምዱሊላህ፣ አቧራ ነው የሚያስቸግረን።»

ሁለቱ ውሸታሞች ተመራርቀው ተለያዩ።

የእትዬ በለጥሻቸው የጦር ዕቅድ ቀላል ነበር፦ ሀያቱ አገር ቤት እያለ፣ በወዲህ በኩል፣ አሮጌውን ልስን አስነስቶ በወፍራም ሲሚንቶ ማስለሰን። ካሳ ተጠራ።

«ሰው ሳይሰማ ነው የምትሠራልኝ።»

«ድምፅ የሌለው መዶሻ የት ነው የሚሸጠው እትዬ?»

«ምላስህንም አብረህ ብታስቀምጠው ጥሩ ነበር። ግባ!»

ካላንደሩ ወርዶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ካሳ መሮውን ደቅኖ ሲመታ ልስኑ በአንድ ገጽ ተነስቶ መጣ። ከጀርባው ያለው ጭቃ ጭቃ መሆኑን ረስቶ ገንፎ ሆኗል። ካሳ «ትንሽ ልጥረገው» ብሎ በአካፋ ነካ አደረገው። ማገሩ እንደ ብስኩት ተሰበረ፣ ገንፎው ተዘረገፈ፣ ግድግዳው የሳፋ ስፋት ያለው አፍ ከፈተ። በቀዳዳው ወዲያ ነጭ ወረቀት ተንጠልጥሏል።

«ካሳ፣ ያ ምንድን ነው?»

ካሳ እጁን ሰዶ ገለበጠው። «እትዬ… ካላንደር ነው።»

«የኔ ካላንደር እኮ አልጋው ላይ ነው።»

«የርስዎ አይደለም። ይኼኛው መርከብ አለበት።»

የአደራውን ቁልፍ ይዘው ዞረው መጋዘኑ ገቡ። ሀያቱ አንድ አስመጪ የሰጠውን የመርከብ ካላንደር ልክ በማርያም ካላንደር ጀርባ ሰቅሎታል፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ቀያይ ሳፋዎች በሚስማር ደርድሯል። ከሳፋዎቹ ሥር ያው ጥቁር የአገር ካርታ። ካርቶኖቹ ከግድግዳው ርቀው በጣውላ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ሥር ያለችው፣ ሠራተኞቹ ለሶላት ዉዱእ ሲያደርጉ እጅ እግራቸውን ይታጠቡባት የነበረችው የሲሚንቶ ገንዳ ደርቃ የባልዲ ክዳን ታጭቆባታል፤ የዉዱእ ውሃ የሚይዙት የፕላስቲክ ጀበናዎች መጋዘኑን አቋርጠው በሩ ጋ፣ ሰው በሚጋፋበት ጥግ ተኮልኩለዋል።

እትዬ በለጥሻቸው ብዙ ቆመው አዩ።

«ይኼ ሰውዬ ዉዱእ ማድረጊያውን ያዛወረው የኔን ግድግዳ እንዳያረጥብብኝ ነው እንዴ?»

«እርስዎስ ቦኖ ድረስ የሚሄዱት ለጨዋታ ነው?» አለ ካሳ።

ተናደው ስልክ አወጡ።

«ሀያቱ፣ ዒድ ሙባረክ።»

«ኸይር ሙባረክ እትዬ! ሰፈሩ ሰላም?»

«ሰላም ነው። ልጆቹ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሚስትህ ሀፍሷስ?»

«ደህና ናት፤ አጠገቤ ናት።»

«ከብቶቹስ?»

«ከብቶቹም… እትዬ፣ ስለ ከብት ጠይቀውኝ አያውቁም። ምን ተፈጠረ?»

«ግድግዳህን በሳሁት።»

ሀያቱ ከልጆቹ ጫጫታ ራቅ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካላንደሩን አዩት?» አለ።

«አየሁት።»

«አፉ ይበሉኝ እትዬ! የዉዱአችን ውሃ ነው። ቤትዎን በላሁት፣ እንዴት ብዬ ልንገራቸው እያልኩ እኔ እኮ እንቅልፍ…»

«የምን ዉዱእ! የኔ የጆንያ እጣቢ ነው እንጂ!»

«በፍጹም! እርስዎ ቦኖ ነው የሚያጥቡት።»

«እሱ አሁን ነው፤ የድሮው ሰርጎ ነው።»

«የድሮው የኔ ነው አልኩዎት እትዬ!»

«ጥፋቴን አትቀማኝ!»

አንባቢ ሆይ፣ በዚህች ከተማ ጥፋት ከእጅ ወደ እጅ እንደ ትኩስ ድንች ስትወረወር እንጂ ሁለት ሰው ተናንቆ ሲሻማባት አይተህ ታውቃለህ? ካሳ ስልኩን ነጠቃቸው።

«ሀያቱ፣ ስማኝ። ሰሞኑን እዚህ ያጠበ የለም፤ ዉዱእ ያደረገም የለም፤ ሁላችሁም አገር ቤት ናችሁ። ውሃው ግን አሁን፣ እያየሁት፣ ከእግሬ ሥር እየመጣ ነው። የሁለታችሁም አይደለም!»

ሀያቱ «እስክመጣ እንዳትነኩት» ብሎ ዘጋ። እትዬ በለጥሻቸው ግን ያን ሁሉ ዓመት ያዘሉት ጥፋት የሳቸው አይደለም ሲባሉ ደስ ከማለት ይልቅ ቅር አላቸው።

በማግስቱ ጸሎት ለዓመት በዓሉ ዕረፍት እናቷን ልታይ መጣች። ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ መሀል ቀያይ ሳፋዎች ሲያፈጡባት ደርቃ ቀረች።

«እማዬ! ይኼ ምንድን ነው?»

«መስኮት።»

«ቀልድ አይደለም! ሐምሌን አልጠብቅም፤ ዛሬውኑ ልብስሽን እሰበስባለሁ!»

መሰብሰብም ጀመረች። እናቷ አልተከራከሩም፤ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብለው መርፌያቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ጸሎት ከቁምሳጥኑ ጀርባ የገባ ነጠላ ለማውጣት ተንጠራራችና እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ያቺ ቦታ ካሳ ያኔ ቁምሳጥኑ ከብዶት ያልለሰናት፣ የጥንቷ እርቃኗን የቀረች ጭቃ ናት።

«እዚህ ጋ ግን ደረቅ ነው» አለች ጸሎት።

ብላም ከንፈሯን ነከሰች። እውነት መናገር አብሯት ያደገ ደዌ ነው፤ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም።

ካሳ ተንደርድሮ መጥቶ ዳሰሰ። ከዚያ የራሱን ልስን ዳሰሰ። እንደገና ጭቃውን ዳሰሰ። ያው ግድግዳ፣ ያው ውሃ፤ የተራቆተው ተንፍሶ ደርቋል፣ በሲሚንቶ የታፈነው መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ወደ ላይ እየወጣ በስብሷል። የካሳ ፊት ሃይማኖቱ እንደፈረሰበት ሰው ሆነ። ግን ካሳ ካሳ ነው። «እኔኮ ያኔ ቁምሳጥኑን አንሱልኝ ብዬ ነበር» አለ፤ ቢነሳለት ኖሮ እሱንም ያበሰብሰው እንደነበር ሳይታየው።

ጸሎት ነጠላውን አጥፋ መልሳ ቁምሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። «እስከ ሐምሌ ነው ያልነው» አለች፣ ወደ እናቷ ሳታይ።

ሀያቱ ቅቤውን ይዞ ተመለሰ። ዕቃውን አስነስቶ፣ ካሳ ግድግዳው ሥር ያለውን የመጋዘኑን ወለል ቆፈረ። ከወለሉ ሥር በድንጋይ የተደረደረ የጥንት ቦይ ተገኘ፤ የመንገዱን ዝናብ ተቀብሎ በጋራው ግድግዳ ሥር አሳልፎ ወደ ታች የሚያወርድ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ያውቁት ነበር፤ እነሱ ሲሞቱ ቦዩም አብሮ ከሰው ልብ ወጣ። ውሃው ግን አልረሳውም፤ እየመጣ ይገባበታል፣ መውጫ ሲያጣ ግድግዳ ይወጣል።

«ምን ዘግቶት ነው?» አለች ጸሎት።

ካሳ እጁን አስገብቶ አንዳች ነገር ያዘና ሳበ። አልመጣም። ሀያቱ ኮቱን አውልቆ አብሮ ሳበ። እየተጎተተ የወጣው እንደ ገመድ የተገመደ፣ የገማ፣ የማያልቅ ነገር ነው። ጸሎት ውሃ አፈሰሰችበት። አንዱ ክር ሰማያዊ ነው፤ የሀያቱ ካርቶኖች የሚታሰሩበት የፕላስቲክ ጠፍር። ሌላው ክር ቡናማ ነው፤ እትዬ በለጥሻቸው ከየጆንያው አፍ እየመዘዙ የሚጥሉት ሲባጎ። ከየደጃፋቸው ተጠርጎ የገባው ሁሉ ከመሬት በታች ተገናኝቶ ተጋምዷል።

ሀያቱና እትዬ በለጥሻቸው ተያዩ።

«እንካ» አሉ እትዬ፣ «በስልክ ስትሻማ ነበር፤ ተካፈል።»

ሀያቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። የካሳ ሲሚንቶ በካሳ እጅ ተላጠ። የበሰበሰው እንጨት ተቀየረ፣ ከሥሩ ድንጋይ ተገነባ፣ ቀዳዳው ተደፈነ። ካሳ ጭድና ጭቃ ለማቡካት ሱሪውን ሰብስቦ እትዬ ጓሮ ገባ፤ ሌሎች ግንበኞች ጭቃ ሲረግጥ እንዳያዩት ግን በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ቦዩ መንገድ ላይ ባለው አፉ የብረት ወንፊት ተገጠመለት። ጆንያ ማጠብ ወደ ጓሮ ተመለሰ፤ ጀበናዎቹም ወደ ገንዳቸው።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጸሎት ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። እርጥብ ዣንጥላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። ከላይ ደረቅ ነው፤ መሀሉም ደረቅ ነው። ወደ ታች ስትወርድ፣ ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ እጇ ቀዘቀዛት።

«አልደረቀም።»

«እየደረቀ ነው።»

«እማዬ፣ የተባባልነው ይድረቅ ነው እንጂ እየደረቀ ይሁን አይደለም።»

«አንቺስ አልጋ ማርጠብ እስክትተዪ ስንት ክረምት ታገሥኩሽ?»

ከግድግዳው ወዲያ፣ «ልክ ነው እትዬ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«አንተን ማን ጠየቀህ! ሳፋህን ሽጥ!»

ጸሎት ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም። ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለችና ዓይኗን ጠራረገች። «እሺ፤ እስከ መስከረም። ቦዩ ሳይደፈን ክረምቱን ከወጣ ትቀሪያለሽ። አንድ ቀን ከተደፈነና ውሃው ከተመለሰ ግን፣ ሀያቱም ቢጮህ አልሰማም።»

አሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር ሁለት ሰዎች በአንድ ዣንጥላ ሥር ሲወጡ ታያለህ፤ አንደኛው ረጅም ነጋዴ፣ አንደኛዋ ትከሻው ላይ የማይደርሱ ሴትዮ፣ ጫፉ የታጠፈ ብረት በእጃቸው። ወንፊቱ ላይ ጎንበስ ብለው ጎርፉ ያመጣውን ይጎትታሉ፣ እየጎተቱ ይሰዳደባሉ። ጠፍር የለም፣ ሲባጎም የለም፤ የራሳቸውን ደጃፍ እንደ ሳሎን ያጸዳሉ። የሚመጣው ከላይ ነው፣ ከማያውቁት ሰው እጅ፦ ፌስታል፣ የጁስ ጣሳ፣ ከሁሉ በላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ። መስከረም ገና ሩቅ ነው፤ ሰማዩም እንደ ጠቆረ ነው።

እንግዲህ አንተ፣ ይህን እያነበብክ ታክሲ የምትጠብቅ ክቡር አንባቢ፣ የጨረስካት የውሃ ፕላስቲክ እስካሁን በእጅህ ናት። ወዲያና ወዲህ አይተህ፣ እግርህ ሥር ያለውን የቦይ አፍ አየት አድርገህ፣ ጣቶችህን ላላ ማድረግ ጀምረሃል። ስለ እትዬ በለጥሻቸው ብለህ፣ እባክህን ያቺን እጅህን…